ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤዝመንት፦ ይቆፈር፣ ይታደስ ወይስ ይተው?

ካራ፣ ኮተቤ፣ ፈረንሳይ፣ አስኮ፣ ከተማዋ ወደ ተራራው በምትጠጋበት አቅጣጫ ሁሉ አንድ ዓይነት ቤት ታያላችሁ። ከመንገድ በኩል ሲያዩት ባለ አንድ ወለል ቪላ ነው። ዞር ብለው ከታች በኩል ሲያዩት ፎቅ ይመስላል። መሬቱ ስለሚያዘቀዝቅ ባለቤቱ በታችኛው በኩል የድንጋይ ግንብ አቁሟል። ግንቡን በአፈር ሞልቶ ከመደልደል ይልቅ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ጥሎበታል። ከሶሌታው ሥር የተረፈችው ባዶ ቦታ ናት ዛሬ ቤዝመንት የምትባለው።

ሰው ይኖርባታል ተብሎ ስላልተነደፈች ቁመቷ አጭር ነው። ብዙውን ጊዜ 2 ሜትር፣ 2.10 ወይም 2.20። ለዓመታት የተረፈ ሴራሚክ፣ የተሰበረ ወንበርና የድግስ ድስት ተቀምጦባታል። ከዚያ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይጨምራል። ጎረቤት ሰርቪሱን ማከራየቱ ይሰማል። ዓይን ወደ ቤዝመንቷ ይዞራል።

በዚህ ጊዜ ያሉት መንገዶች በአጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ወለሉን ሳይነኩ አድሶ ማከራየት፤ እስከ መሠረቱ ድረስ ብቻ መቆፈር፤ ከመሠረቱም በታች መቆፈር፤ ሰው ሳያስገቡ ለዕቃ ማከራየት፤ ወይም ቤዝመንቷን ትቶ ገንዘቡን ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ላይ ማዋል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለካው ቁመቱን ነው። እኔ ግን ከቁመቱ በፊት ውሃው የሚሄድበትን እዩ እላለሁ። የሽንት ቤቱና የዝናቡ ውሃ ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁል መውጣት ከቻለ፣ ቁመት ገንዘብ የሚፈታው ችግር ነው። መውጣት ካልቻለ ግን እያንዳንዷ ሳንቲ የምትቆፈረው ችግሩን ታጠልቀዋለች።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ

ቁመት የሚለካው በክፍሉ መሀል አይደለም። ከቢም (ሶሌታውን ከተሸከመው አግድም ኮንክሪት) ሥር ለኩ። ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ቤት የወረደ ቱቦ ካለ ከእሱም ሥር ለኩ። መሀል ላይ 2.30 የሆነ ክፍል ቢሙ ሥር 1.95 ሊሆን ይችላል። ተከራይ የሚያስታውሰው ያቺን ግንባሩን የመታችውን ቢም ነው።

የእኔ መለኪያ ይህ ነው። ከቢም ሥር ከ2 ሜትር ያነሰ ከሆነና የማይቆፈር ከሆነ ሰው አታስገቡበት። ከ2 ሜትር እስከ 2.30 ባለው መካከል ከሆነ ቁፋሮ ሳያስቡ በፊት የሚገኙ ጥቃቅን ሳንቲዎች አሉ። ከ2.30 በላይ ከሆነ ዋናው ሥራ የፊኒሺንግ፣ የብርሃንና የእርጥበት ነው። ይህ የእኔ ልክ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ከፍታ ግን ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት ጠይቁ። ከዚያ በታች የሆነ ክፍል የቱንም ያህል ቢያምር እንደ መኖሪያ አይቆጠርላችሁም።

ጥቃቅን ሳንቲዎች ያልኳቸውን ልንገራችሁ። ኮርኒስ ካለ አንሱት። ሶሌታውን ጄሶ አድርጎ ነጭ ቀለም መቀባት ብቻውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሊመልስ ይችላል። የድሮው ወለል ሴራሚክና ስክሪድ (ከሴራሚኩ ሥር ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ) ቢነሳና በቀጭን ቢተካ ጥቂት ሳንቲ ይገኛል። በክፍሉ መሀል የሚያልፍ ቱቦ ወደ ግድግዳ ጥግ ሊዞር ይችላል። መብራት የሚንጠለጠል ሳይሆን ሶሌታው ላይ የሚለጠፍ ይሁን። አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አይሞከርም። «ቢሟን ከሥር ትንሽ ብንቆርጣትስ?» የሚል ባለሙያ ከመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። የቢም ዋና ፌሮ ያለው ከሥር በኩል ነው።

ውሃው የት ይሄዳል?

ይህን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልግም። ረጅም ግልጽ የላስቲክ ጎማና አንድ ረዳት ይበቃል። ግንበኞች ከፍታ የሚያስተካክሉበት የውሃ ልክ ማለት ነው።

ጎማውን ውሃ ሙሉት። ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር ተጠንቀቁ፤ አረፋ ካለ ልኬቱ ይዋሻል። አንዱን ጫፍ ረዳታችሁ ቤዝመንቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ይያዝ። ሌላውን ጫፍ እናንተ ወደ ሴፕቲክ ታንኩ ይዛችሁ ሂዱ። ውሃው ሲረጋ በሁለቱም ጫፍ የሚታየው የውሃ መስመር እኩል ከፍታ ነው። ከዚያ መስመር እስከ ቤዝመንቱ ወለል ስንት ነው? ከዚያው መስመር እስከ ታንኩ መግቢያ ቱቦ የታችኛው ከንፈር ስንት ነው? ሁለቱን ቀንሱ።

በቁጥር እንየው። እስከ ወለሉ 1.10፣ እስከ ታንኩ መግቢያ 1.60 ሆነ እንበል። የታንኩ መግቢያ ከወለሉ በ50 ሳንቲ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ያስደስታል። ግን ቱቦው ተዳፋት ይፈልጋል። በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ብንል፣ ለ12 ሜትር ርቀት 24 ሳንቲ ይሄዳል። ቱቦው ከወለሉ ሥር ለመቀበርም ወደ 20 ሳንቲ ይወስዳል። ድምሩ 44። የቀረችን 6 ሳንቲ ብቻ ናት። አሁን ወለሉን በ30 ሳንቲ ዝቅ ብናደርግ 24 ሳንቲ ጎደለብን። ቁመት ስናገኝ ፍሳሹን አጣን።

እዚህ ላይ ነው ተዳፋት መሬትና ሜዳ የሚለያዩት። ግቢያችሁ ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ከቤቱ በታች ሌላ ዝቅ ያለ ታንክ መቆፈር ይቻላል። የፍሳሽ መምጠጫ መኪናው መሳቢያ ቱቦ እዚያ ድረስ መድረሱን ብቻ አረጋግጡ። ግቢው ሜዳ ከሆነ ግን የቀረው ፓምፕ ነው። ፓምፕ በመብራት ነው የሚሠራው። መብራት በጠፋ ሌሊት የተከራያችሁ ሽንት ቤት ወዴት እንደሚሄድ ከወዲሁ አስቡት። በእኔ እምነት በፓምፕ ብቻ የሚወጣ ሽንት ቤት ያለውን ቤዝመንት ቤተሰብ ለሚኖርበት ኪራይ ማዋል ልክ አይደለም።

የዝናቡ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ቢሆን በዓመት ወደ 120 ሜትር ኩብ ውሃ ይቀበላል። አሸንዳው ተሰብሮ ይህ ሁሉ የሚወርደው ከቤዝመንቱ ግድግዳ ሥር ከሆነ፣ ለውስጥ ቀለም የምታወጡት ገንዘብ በሙሉ ባክኗል። አሸንዳ ማሠራት፣ የሚወርደውን ቱቦ ከግድግዳው አርቆ ወደ ታች ማውጣት፣ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሲሚንቶ ማፍሰስ፦ ከሁሉም ሥራ ርካሹ እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ መሠራት ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፉና ጠርዙን በፕላስተር ዙሪያውን ለጥፉት። አንድ ሁለት ቀን ቆይታችሁ እዩት። ጤዛው ከላስቲኩ ሥር ከሆነ እርጥበቱ ከመሬት እየወጣ ነው። ከላዩ ከሆነ የክፍሉ አየር ነው፤ መስኮትና አየር ማስወጫ ያስተካክለዋል። ግድግዳው ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ካያችሁም ውሃ በግንቡ ውስጥ እያለፈ መሆኑን እወቁ። ይህን ሙከራ በጥር አትሥሩት። በጥር ሁሉም ቤዝመንት ደረቅ ነው። ነሐሴን ጠብቁ።

ግድግዳው ውሃ ካስገባ ብዙ ግንበኞች ከውስጥ በኩል ውሃ የማያስገባ ልስን እናድርግ ይላሉ። ለትንሽ ጊዜ ያምራል። ውሃው ግን ከኋላው እየገፋ ነው፤ በክረምቱ ወይ በሚቀጥለው ይገነጥለዋል። ግንቡን ከውጭ በኩል ካልከፈቱት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ከውጭ እስከ ግንቡ ሥር ተቆፍሮ፣ ቢቱሚን (ሬንጅ) ወይም ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ) ተለጥፎ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ተሸፍኖ ውሃውን ወደ ታችኛው የግቢው ጫፍ ሲያወጣ ነው ነገሩ የሚያልቀው። ያም ሆኖ ውሃውን የሚቀበለው የግቢው ጫፍ የጎረቤት አጥር ከሆነ ጠብ ነው የምትገዙት። ወደ መንገድ ካናል መድረስ አለበት።

አፈሩ

አቃቂ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ለቡ አካባቢ ብዙ ቦታ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ መረሬ የምንለው። ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ግድግዳን ከጎን ይገፋል፤ ወለልን ከሥር ያነሳል። እዚህ ሰፈር ያለ ቤዝመንት ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ ስለሆነ ውሃውም አይወጣም። ሁለቱ ችግሮች አንድ ላይ መጡ ማለት ነው። ስለዚህ በመረሬ ላይ ቆፍሮ ቁመት የመጨመሩን ሐሳብ እኔ አልደግፍም። ገንዘቡ ወደ ላይ ይሂድ።

በሰሜኑ ተዳፋት ቀይ አፈርና የተፈረካከሰ ድንጋይ ይበዛል። ለቁፋሮ ልፋት አለው፤ ግን ይቆማል፤ ውሃም ቁልቁል ይሄዳል።

ሳይቆፍሩ ማደስ

ከሁሉም ፈጣኑ ነው። የቤቱን መሠረት አይነካም። አንድ ጎኑ ወደ ታች ክፍት የሆነ፣ ማለትም መስኮትና በር በቀጥታ ወደ ውጭ ሊወጣለት የሚችል ቤዝመንት ከሆነ 2.25 ቁመት እንኳን አያስጨንቅም። ሰው የሚታፈነው ከጣሪያው ዝቅታ ይልቅ በጨለማው ነው። ብርሃን ላይ አትሰስቱ። የመስኮቱ ስፋት ቢያንስ ከወለሉ ስፋት አንድ አሥረኛውን ይያዝ፤ 20 ካሬ ለሆነ ክፍል 2 ካሬ መስኮት። ከመስኮቶቹም ቢያንስ አንዱ፣ ሰው ሊያስወጣ የሚችል ይሁን። ፍርግርግ ብረት የሚደረግ ከሆነ ከውስጥ በኩል የሚከፈት አድርጉት። እሳት ቢነሳና በሩ በኩል መውጣት ባይቻል ሁለተኛው መውጫ እሱ ነው።

አራቱም ጎኑ አፈር የሆነ፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር አንድ ክንድ ብቻ የሆነ ቤዝመንት ግን ሌላ ነው። እሱን አሳምሮ ለቤተሰብ ማከራየት ሕፃን በእርጥበት ቤት ማሳደግ ነው። አላደርገውም፤ እናንተም ባታደርጉት ደስ ይለኛል።

እስከ መሠረቱ ድረስ መቆፈር

አሁን ከወለሉ ሥር ያለውን እንቁጠር። የተለመደው አሠራር 25 ሳንቲ ድንጋይ፣ 10 ሳንቲ ኮንክሪት፣ 5 ሳንቲ ስክሪድና ሴራሚክ ነው። ድምሩ 40። 30 ሳንቲ ቁመት ብትፈልጉ የምትቆፍሩት 30 አይደለም። አሮጌው 40 ይነሳል፤ 30 አፈር ይወጣል፤ ከዚያ አዲስ 40 ይመለሳል። ዛሬ ከምትቆሙበት ወለል 70 ሳንቲ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። የመሠረቱ ድንጋይ ከዚያ በላይ የሚያልቅ ከሆነ ቤቱ አየር ላይ ቀረ።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ በክፍሉ ጥግ፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግታችሁ 60 በ60 የሆነች አንዲት ጉድጓድ አስከፍቱ። በዝግታ፣ በእጅ። የመሠረቱ ድንጋይ የት ጋ እንደሚያልቅና አፈሩ የት እንደሚጀምር በዓይናችሁ እዩ። ለኩት። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ካለም ፉቲንጉ (ምሰሶው ያረፈበት መሠረት) ስንት ጥልቀት ላይ እንዳለ በሌላ ጉድጓድ እዩ። «ያኔ ስንሠራ አንድ ሜትር ተኩል ወርደናል» የሚለው ወሬ እዚህ አይሠራም። ባላችሁበት ጉድጓድ የምታዩት ነው እውነቱ። ሲጨርሱ ጉድጓዷን ሳትውል ሳታድር መልሱ።

70 ሳንቲ ወርዳችሁም ከመሠረቱ ግርጌ በላይ የሚበቃ አፈር ከቀረላችሁ እድለኞች ናችሁ። ይህ መንገድ ለእናንተ ነው። ያም ቢሆን ሥዕሉን መሐንዲስ ይየው።

ሥራው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፦ ወለሉ 6 በ8 ቢሆን 48 ካሬ ነው። በ70 ሳንቲ ሲባዛ ወደ 34 ሜትር ኩብ። የተቆፈረ አፈር ያብጣልና ሲጫን 43 ወይም 44 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ ትራክ ሦስት ምልልስ። ትራኩ ቀላሉ ነው። ከባዱ ያንን ሁሉ ከዝቅተኛ ጣሪያ ሥር አጎንብሶ በአካፋና በባሬላ ማውጣቱ ነው። ማሽን አይገባም። የቀን ሠራተኛ ዋጋ ስትነጋገሩ በቀን ሳይሆን በሜትር ኩብ ተነጋገሩ። የሚደፋበትንም ቦታ ቀድማችሁ እወቁ፤ ወንዝ ዳር መድፋት አይቻልም።

አዲሱ ወለል ሲመለስ ከኮንክሪቱ ሥር ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፤ መጋጠሚያው ላይ ይደራረብ። ግንበኞች ይህቺን ነገር ይዘሏታል። ቆማችሁ አስነጥፉ። ኮንክሪት ከፈሰሰባት በኋላ ማን ያያታል?

ከመሠረቱ በታች መቆፈር

ጉድጓዷ መሠረቱ እንደማይበቃ ካሳየቻችሁ ሁለት ዘዴ ይቀራል።

አንደኛው መሠረቱን ከሥር መቀጠል ነው። ግድግዳው አንድ ሜትር ገደማ በሆኑ ቁራጮች ይከፈልና ቁጥር ይሰጠዋል። የማይጎራበቱ ቁራጮች ብቻ በተራ ይቆፈራሉ። አንዱ ተቆፍሮ፣ ፌሮ ታስሮ፣ ኮንክሪት ተሞልቶ፣ ሳይጠነክር ጎረቤቱ አይነካም። ቀርፋፋ ሥራ ነው፤ መቸኮል አይወድም። ልምድ ያለው መሐንዲስ በሌለበት ማንም እንዳይጀምረው። በክረምትም አይሞከርም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን እንደነበር አንርሳ። መሠረቱ የተቦረቦረ ቤት እንዲህ ያለ ሌሊት አያሳልፍ።

ሁለተኛው ከግድግዳው ራቅ ብሎ መሀሉን ብቻ መቆፈር ነው። ከመሠረቱ ግርጌ በታች የምትወርዱትን ያህል ወደ ጎን አፈር ትተዋላችሁ። 50 ሳንቲ ከወረዳችሁ ቢያንስ 50 ሳንቲ ይተዋል። የተተወው አፈር ፊቱ በኮንክሪት ይያዛል። መሠረቱ ሳይነካ ይቀራል፤ ከመጀመሪያው ዘዴም ይቀላል። ዋጋው ስፋት ነው። 4 ሜትር የነበረ ክፍል በሁለቱም ጎን 50 ሲቀነስ 3 ሜትር ይሆናል። የተረፈችው ደረጃ ግን የባከነች ቦታ አይደለችም። አያቶቻችን መደብ የሚሏት ናት። ፍራሽ ቢነጠፍባት መቀመጫ፣ ሰፋ ብትል መኝታ፣ ከሥሯ መሳቢያ ቢገባላት ቁም ሣጥን ትሆናለች። ለአንድ ሰው ወይም ለሁለት የሚሆን እስቱዲዮ ለማውጣት ከሁለቱ ይህን እመርጣለሁ። መሐንዲሱ እዚህም አይቀርም።

ለዕቃ ማከራየት

ብዙ ሰው ይህን እንደ ሽንፈት ያየዋል። እኔ አላይም። ሽንት ቤት አይፈልግም። ወጥ ቤት አይፈልግም። 2 ሜትር ቁመት ይበቃዋል። ኮንዶሚኒየም ሰፈር አጠገብ ከሆናችሁ የሱቅና የፈርኒቸር ነጋዴዎች ቦታ ይፈልጋሉ። ገቢው ከመኖሪያ ያንሳል፤ የምታወጡትም በዚያው ልክ ያንሳል። ሴራሚክ፣ ቱቦ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ይስማማዋል። እህልና ሲሚንቶ አይስማማውም፤ ሲሚንቶ እርጥበት ካገኘው ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ነዳጅ፣ ቀለምና ጋዝ በምትተኙበት ቤት ሥር አታስገቡ። ውሉ ላይ ይጻፍ። መኪና ደጃፉ መድረስ ካልቻለ ግን ይህ አማራጭ የለም።

ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ወይም ፎቅ መጨመር

ቦታ ካላችሁ ከመቆፈር በፊት ይህን አስሉ። በብሎኬት ግድግዳና በኢጋ ቆርቆሮ የሚሠራ ሰርቪስ ቁመቱ 2.80 እንዲሆን ማንም አይከለክለውም። ፍሳሹ በራሱ ይወርዳል። መስኮት በፈለጋችሁበት ታወጣላችሁ። ተከራይም ደላላ ሲደውልለት «ቤዝመንት ነው» ሲባል ፊቱን ያጠቁራል፤ «ሰርቪስ ነው» ሲባል መጥቶ ያያል። የሚጠፋባችሁ የልጆች መጫወቻና የፀሐይ ቦታ ነው። ይህም ቀላል አይደለም።

ፎቅ ለመጨመር ያሰባችሁ ደግሞ ጣሪያው ላይ የቆመው ፌሮ አያታላችሁ። ብዙዎቻችን «ለወደፊቱ» ብለን ኮለን ላይ ፌሮ እንተዋለን። ፌሮ መቆሙ ፉቲንጉ ሁለተኛ ፎቅ ይሸከማል ማለት አይደለም። ዲዛይኑን አምጡ፤ ከሌለ ይሠራ።

ከሰልና ምጣድ

ይህን ክፍል በትኩረት አንብቡልኝ። እኛ ቡና የምናፈላ ሕዝብ ነን። ተከራይ ደግሞ በክረምት ብርድ ሲይዘው የከሰል ምድጃውን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ በሩንም ይዘጋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ የሆነ ክፍል ከትልቅ ሳሎን ይልቅ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ መከልከል ብቻ አይበቃም፤ ቦታ ስጡ። በሩ አጠገብ ቆርቆሮ የለበሰች፣ ሁለት ጎኗ ክፍት የሆነች መከለያ ሥሩላቸው። ቡናውም ጭሱም እዚያ ይሁን።

እንጀራውም እንደዚያው ነው። የምጣድ እንፋሎት በ2.20 ጣሪያ ሥር መሄጃ ስለሌለው ግድግዳውን ያረጥባል፤ ሻጋታ ያወጣል። ምጣዷን እዚያው መከለያ ሥር ብታደርጉ ይሻላል። ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ስለምትወስድ፣ ማለትም በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ፣ ለብቻዋ መስመር ይሳብላት። ከሶኬት ማባዣ ጋር አትገናኝ።

ሌላው የድምፅ ነገር ነው። እናንተ ላይ ቡና ስትወቅጡ ሙቀጫው የሚያርፈው በተከራዩ ጣሪያ ላይ ነው። ዝቅ ባለ ጣሪያ ደግሞ ጆሮው አጠገብ ነው። ላይኛው ወጥ ቤት ወለል ላይ ወፍራም ምንጣፍ ብታነጥፉ ለጉርብትናው ይበጃል።

ፈቃድና ውል

በኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ መገንባትም ሆነ ነባር ሕንፃን መለወጥ አይቻልም። ዕቃ ቤትን መኖሪያ ማድረግም አገልግሎት መለወጥ ነው። ካርታችሁንና ነባሩን ዲዛይን ይዛችሁ ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ሂዱ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ያላችሁ ሰዎች ጉዳያችሁ ያለው አዲስ አበባ አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እነዚህ ከተሞች ሸገር ከተማ ሥር ናቸው።

ኪራዩን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ተግባራዊ በሆነባቸው ከተሞች የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪውም እንደልብ የሚደረግ አይደለም። ለቤዝመንት ባለቤት ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ክረምት ያላየውን አዲስ ቤዝመንት በግንቦት ብታከራዩ፣ በሐምሌ ውሃ ቢያስገባ ሰውየው ከነልጆቹ እዚያው ነው፤ ውሉም ይቀጥላል። እድሳቱ በየካቲት ቢያልቅም እንኳን አንድ ክረምት ባዶውን አስቀምጣችሁ እዩት። የጥቂት ወር ኪራይ ይቀርባችኋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ብሩ

የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የብር ዝርዝር አልሰጣችሁም። ስሌቱን ግን እንዲህ አድርጉት። ለምሳሌ ጠቅላላ ወጪው 600,000 ብር፣ ከግብርና ከጥገና በኋላ በወር የሚተርፈው 8,000 ብር ቢሆን፣ ገንዘቡ የሚመለሰው በ75 ወር ነው። ስድስት ዓመት ከሦስት ወር። ይህንኑ ስሌት ለሰርቪሱም፣ ለዕቃ ቤቱም፣ ሳይቆፍሩ ለማደሱም ሥሩና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የኪራይ ጭማሪ ገደብ ስላለው «በሁለት ዓመት እጥፍ አደርገዋለሁ» የሚል ተስፋ ስሌቱ ውስጥ አታስገቡ። በቁፋሮ ሥራ ላይ ደግሞ ከተገመተው በላይ መጠባበቂያ ያዙ፤ መሬት ሲከፈት ምን እንደሚወጣ ማንም አስቀድሞ አያውቅም። አለት ይወጣል፤ ምንጭ ይወጣል።

እኔ ብሆን እንዲህ እመርጣለሁ። ተዳፋት ላይ፣ አንድ ጎኑ ክፍት፣ ከ2.20 በላይ ከሆነ ሳልቆፍር አድሳለሁ። ተዳፋት ላይ ሆኖ ቁመቱ ካነሰ ጉድጓዷን ከፍቼ መሠረቱን አያለሁ፤ ከበቃ እቆፍራለሁ፤ ካልበቃ መደብ ትቼ መሀሉን አወርዳለሁ፤ ለአንድ ሰው የምትሆን እስቱዲዮ አወጣለሁ። መሠረቱን ከሥር መቀጠል የማስበው ግቢው ሌላ ነገር መሥሪያ ጥግ ከሌለውና መሐንዲሱ ፊርማውን ካሳረፈ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ፣ መረሬ ላይ፣ ወይም አራቱም ጎኑ ዝግ ከሆነ ቤዝመንቷ የዕቃ ትሁን፤ ብሩ ወደ ሰርቪሱ ይሂድ። ቁፋሮ የምትጀምሩ ከሆነ ከጥቅምት በኋላ ጀምሩ፤ በልግ ሳይደርስ ወለሉ ይፍሰስ።